ለፍርሃት የተያዘ ዕቃ

አባቴ ወርቅአገኘሁ ጫኝ ናቸው። ላሊበላ ውስጥ ጫኝ የሚባለው በቅሎ ይዞ የእንግዳ ዕቃ ወደ አሸተን ማርያም፣ ከዚያም አልፎ ወደ አቡነ ዮሴፍ ተራራ የሚያወጣ ሰው ነው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርተውበታል። ቀኝ ጉልበታቸው አልቆ ቁልቁለት ሲወርዱ ቀጭ ቀጭ ይላል፤ አጠገባቸው ከሆናችሁ ይሰማችኋል። ተዉት ሲባሉ ይቆጣሉ፤ እኔም መናገሩ ሰልችቶኝ ትቼዋለሁ። ሥራው ራሱ ቀስ በቀስ እሳቸውን እየተወ ነው። መንገዱ አንድ ሳምንት ተከፍቶ ሁለት ሳምንት ይዘጋል። እኔ አልጋ በማነጥፍበት ሆቴል ከሃያ አራት ክፍል አራቱ ከተያዘልን ትልቅ ነገር ነው።

ስሜ ሰብሌ ነው። ወንድሞቼ ትዳር ይዘው ወጥተዋል፤ ከአባቴና ከእናቴ ጋር የቀረሁት እኔ ነኝ። የሁለቱንም ጭቅጭቅ በየቀኑ የምሰማው፣ ሁለቱንም የማስታርቀው እኔው ነኝና ይህን ታሪክ ከእኔ የተሻለ የሚናገረው የለም።

አባቴ ከመጫናቸው በፊት ያራግፋሉ። እንግዶቹ በማለዳ ሻንጣቸውን እየጎተቱ ሲመጡ እሳቸው ሸራቸውን መሬት ላይ ያነጥፉና በእጃቸው «አውጣው» ይላሉ። ሰውዬው ግራ ይገባዋል። ትናንት ማታ ስንት ሰዓት ታግሎ የዘጋው ሻንጣ ነው። አስጎብኚው ጣልቃ ገብቶ ያስረዳዋል፤ ዕቃው ሁሉ ሸራው ላይ ይዘረገፋል። አባቴም በርከክ ብለው ሦስት ቦታ ይከምሩታል። የመጀመሪያው ለገላ ነው፤ የሚለበሰው፣ የሚነጠፈው፣ ዝናብ የሚከለክለው። ሁለተኛው ለሆድ ነው። ሦስተኛውን «ለፍርሃት የተያዘ» ይሉታል። ሰው ሻንጣውን የሚሞላው በፍርሃት ነው ባይ ናቸው፤ ፍርሃት ደግሞ አይለበስም፣ አይበላም፣ በቅሎ ግን ያጎብጣል።

ከፍርሃቱ ክምር ውስጥ እኔ ያላየሁት ነገር የለም፤ እንግዶቹ እስኪመለሱ የሆቴሉ ዕቃ ቤት የማስቀምጠው እኔ ነኛ። መብራት በሌለበት ተራራ ሁለት ሌሊት ለማደር ፀጉር ማድረቂያ የያዘች ሴት አይቻለሁ። አራት የእጅ ባትሪ የያዘ አይቻለሁ። አንዱ ወፍራም ገመድ ነበረው፤ ገደል የገባሁ እንደሆነ ብሎ ነው አሉ። ለዓመት የሚበቃ የተቅማጥ መድኃኒት የያዘችም ነበረች፤ አባቴ አንዷን እሽግ ለይተው ሰጧትና ሌላውን ወደ እኔ ላኩት። ሲመለሱ «ይሄ ቀርቶብኝ ተቸገርኩ» ያለ ሰው አልገጠመኝም። አንድ ሽማግሌ ጣልያን ብቻ ነው ያዘነው። በመጋቢት የዝናብ ካፖርቱን ከፍርሃት ቆጥረውበት ተራራው ላይ በረዶ ወረደበት። አባቴ ጋቢያቸውን አውልቀው አለበሱት፤ እሳቸው በስብሰው ወረዱና ሁለት ሳምንት ተኙ። ያን ጊዜም ቢሆን ጥፋታቸውን አላመኑም። የተሳሳተው ሰማዩ ነው አሉን።

የቀረውን ዕቃ ሲያስሩ ደግሞ ማየት ነው። ልብስ አያጥፉም፣ ይጠቀልላሉ። ካልሲው ጫማ ውስጥ ይገባል። ከባዱ ወደ በቅሎዋ ጎድን ይጠጋል፣ ቀላሉ ወደ ውጭ ይሆናል፣ ቶሎ የሚፈለገው ከላይ ይቀመጣል። የግራና የቀኙን ጭነት በክንዳቸው አንስተው ይመዝናሉ። በመጫኛ ጠፍረው ከጨረሱ በኋላ ጭነቱን ይነቀንቁታል፤ ውስጡ አንድ ነገር ከተንኳኳ እንደገና ይፈታል። የሚንኳኳ ጭነት በቅሎንም ሰውንም ያሰለቻል ይላሉ። አብሮ አደጋቸው አረጋ፣ እሱም ጫኝ ነው፣ «ወርቅአገኘሁ ሰማይ ቤት ሲገባ መላእክቱን ክንፋቸውን ያስጠቀልላቸዋል» እያለ ይቀልድባቸዋል።

እናቴ ሸጌ የሙጃ አገር ሴት ናት። በእኛ ደጋ እንቅርት ብርቅ አይደለም፤ በሻሽ ሸፍነውት ይኖራሉ። እናቴም ሠላሳ ዓመት ሸፍናው ኖረች። ከሦስት ዓመት ወዲህ ግን ወደ ውስጥ እየገፋ መጣ። በጀርባዋ ስትተኛ ትታፈናለች፤ ግድግዳ ተደግፋ ተቀምጣ ታድራለች፤ እኔም ትንፋሿን ሳዳምጥ አድራለሁ። ጠዋት ሆቴል ሄጄ የሰው አልጋ ሳነጥፍ እዚያው ብጋደም ደስ ባለኝ። በመጨረሻ ደሴ ሆስፒታል ተመረመረችና «በቀዶ ጥገና ይውጣ» ተባለ። ቀጠሮው ከስድስት ወር በኋላ፣ ሐሙስ ቀን ሆነ። ሐኪሙ እኔን ለብቻዬ ጠርቶ አየር ቧንቧዋን እየተጫነው ስለሆነ ይህች ቀን እንዳታልፋት አለኝ። ካለፈቻት ወረፋው እንደገና ከግርጌ ይጀመራል። ስድስት ወር ተጨማሪ እንደማትቆይ ሳይነግረኝም አውቀው ነበር።

የምንሄደው ሰኞ ነበር። እሑድ ከቅዳሴ መልስ አባቴ ሸራቸውን ቤት ውስጥ አነጠፉ። አስታማሚ የሚፈቀደው አንድ ሰው ብቻ ስለሆነ እኔ እንድሄድ ተስማምተናል። እሳቸው ደግሞ ሁለት ወር ያለ ሥራ ከቆዩ በኋላ የተገኙ ሁለት እንግዶች አሸተንን ሊወጡ ስለነበር መቅረታቸው ግድ ሆነ። እናቴ ሳጥኗን ከፍታ እያወጣች ታቀብላቸው ጀመር። ሁለት ቀሚስ፣ ጋቢ፣ ሻሽ፣ ሳሙና፣ በሶ፣ ዳቦ ቆሎ፣ ጠበል በፕላስቲክ ጠርሙስ፣ የሐኪም ወረቀት በፌስታል። ከዚያ ሦስተኛ ቀሚስ መጣ፤ ለፍርሃት ሆነ። አንድ ኪሎ በርበሬ መጣ።

«ደሴ በርበሬ የለም እንዴ?» አሉ አባቴ።

«የሰው በርበሬ አላምንም።»

«ይኸው፣ ፍርሃት ነው» አሉና አስቀሩት። እናቴ በርበሬው ላይ አልተከራከረችም። መጨረሻ ላይ ግን ከሳጥኑ ግርጌ በአሮጌ ነጠላ የተጠቀለለ ነገር አወጣችና ሸራው መሐል አስቀመጠችው።

መግነዟ ነው፤ ስትሞት የምትገነዝበት። ጥጡን ከገበያ ገዝታ፣ ራሷ በጾም በጾም እየፈተለች፣ ሁለት ዓመት ደክማበት ለሸማኔ የሰጠችው ነው። የደጋ መሬት ይበርዳል ብላ ጋቢ አሳክላ ነው ያሠራችው። በልደት ሌሊት ከቤተ ክርስቲያን ይዛው አድራለች። ከዚያ ወዲህ ማንም አልለበሰውም፣ ውኃ አልነካውም፣ አልተዘረጋም። መግነዝ የሚዘረጋው አንድ ቀን ብቻ ነው። ልጅ ሳለሁ እዚያ ሳጥን ላይ መቀመጥ እፈራ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር አሁንም አልቀመጥም።

«ይኼ ከታች ይግባ» አለች እናቴ።

አባቴ በእጃቸው ጀርባ ወደ ሦስተኛው ክምር ገፉት። «ለፍርሃት ነው።»

«ለፍርሃት አይደለም። ሰው አገር ብሞት በማላውቀው ጨርቅ አልጠቀለልም።»

«አትሞችም።»

«አንተ ነህ የምታውቀው?»

«ሸጌ፣ ሊያድኑሽ ነው የምትሄጂው። ይኼን ይዞ ሐኪም ቤት መግባት ሞትን ና ብሎ መጥራት ነው።»

«እሱ አብሮኝ ካለ አልፈራም፤ ከሌለ እፈራለሁ» አለች። ረጅም ነገር መናገር ያደክማታል። ትንሽ ተነፈሰችና «በቃ፣ ይኼው ነው» ብላ ጨረሰች።

አባቴ ጥቅሉን አንስተው ከቦርሳው ታች አስገቡት፣ በላዩ ሌላውን ደረደሩ፣ ዘጉት፣ ነቀነቁት። እናቴ ደስ ብሏት ከነፍስ አባቷ ከአባ ሀብተ ሥላሴ ጸሎት ልትቀበል ወጣች። እሷ ከአጥር እንደወጣች አባቴ ቦርሳውን ፈቱት። መግነዙን ከነጠላው አወጡና ሳጥን ውስጥ መለሱት። በምትኩ ለዚሁ ጉዞ የገዙላትን አዲስ አንሶላ፣ ሐምራዊ አበባ ያለበትን፣ ልክ በዚያው መጠን አጥፈው በዚያው አሮጌ ነጠላ ጠቀለሉት። ጎድጓዳ ቦታ ከቀረ ጭነት ይናጋል፤ ያንን አይረሱም።

ማሰሮ ይዤ ደጃፉ ላይ ቆሜ ነበር። ቀና ብለው አዩኝና «ሰብሌ» አሉ። ሌላ አልጨመሩም፤ እኔም ትንፍሽ አላልኩም። ለምን ዝም እንዳልኩ ስንት ጊዜ ራሴን ጠይቄያለሁ። እኔም ፈርቼ ነበር። ያንን ነጭ ነገር ተሸክሜ ከእናቴ ጎን አውቶብስ ላይ መቀመጥ አልፈለግኩም።

ሰኞ ከንጋቱ በፊት ተነስተን በጋሸና፣ በወልድያ አድርገን ማታ ደሴ ገባን። ቦርሳችንን በአንድ እጄ ነበር የምይዘው። ሌላው መንገደኛ ጆንያውን፣ ጀሪካኑን፣ ዶሮውን ሲያወርድ እኛ ወርደን ቆመን እናይ ነበር። «ሰውዬው እኮ ሌላው ቢቀር ማሰር ያውቃል» አለች እናቴ፤ ከእሷ አፍ ይህ ትልቅ ምስጋና ነው። እኔ መሬት መሬት አየሁ።

ማክሰኞ ሆስፒታል ተኛች። ክፍሉ ስድስት አልጋ አለው፤ የእናቴ መስኮቱ ሥር ነው። ከሰዓት በኋላ ጥቅሉን ከትራሷ ሥር ላደርገው ብላ ከቦርሳው ታች አወጣችው። ስትነካው ያው አልመስል አላት መሰለኝ ነጠላውን ገለጠችው። ሐምራዊ አበባ ሆነ።

ለረጅም ጊዜ አየችው። «በአበባ ልገነዝ?» አለች።

አጠገቧ ያለችው በሽተኛ ሳቀች፤ ቀልድ መስሏት ነው። እናቴ ወደ እኔ ዞረች። «አውቀሽ ነበር?»

«አውቄ ነበር።»

ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ደሴ ነጭ ጨርቅ ሞልቷል፣ አሁኑኑ ሮጬ ልግዛልሽ አልኳት። «የሌላ ሰው ድካም ነው» አለች፣ ሳትዞር።

ወደ ማታ ነርሷ የስምምነት ወረቀቱን ይዛ መጣች። ትሕትና ያላት ልጅ ናት። «እማማ፣ እዚህ ላይ ይፈርሙልኝ።»

«አልፈርምም።»

«ምነው? ፈሩ እንዴ?»

«አዎ» አለች እናቴ። «ዕቃዬ አልመጣም።»

ነርሷ ወደ እኔ አየች። ምን ብዬ ላስረዳት? ወደ ውጭ ወስጄ ነገርኳት። አልሳቀችብንም። እስከ ሐሙስ ጠዋት ሁለት ሰዓት ድረስ ጊዜ አለ አለችኝ፤ ከዚያ ካለፈ ግን በተራው ቀጥሎ ያለው ሰው ይገባል።

አባቴ ዘንድ ደወልኩ። አሸተን ዳገት ላይ ነበሩ፤ የበቅሎዋ ትንፋሽ ከእሳቸው ትንፋሽ ጋር ተቀላቅሎ ይሰማኛል።

«አባ፣ እማዬ ከፍታ አየችው። አልፈርምም ብላለች።»

አረጋ ከኋላ በቅሎዋን ሲያበረታታ ይሰማል።

«ሐሙስ በስንት ሰዓት ነው?»

«በሁለት። አባ፣ ይሰማዎታል? ጠዋት ሁለት ሰዓት!»

ስልኩ ተዘጋ። በኋላ አረጋ እንደነገረኝ የበቅሎዋን ልጓም እጁ ላይ ጥለውለት፣ እንግዶቹን ዞር ብለው ሳያዩ፣ በዚያ ጉልበታቸው ቁልቁለቱን በሩጫ ነው የወረዱት።

ረቡዕ ቀኑን ሙሉ ብደውል ስልካቸው አይሠራም። መንገዱ ተዘግቷል የሚል ወሬ ከወልድያ የመጡ ሰዎች ይዘው መጡ። እናቴ እህል አልቀምስም አለች። ውኃ ስሰጣት ትወስዳለች፤ አመሰግናለሁ ትላለች፤ ፊቷን ታዞራለች። ተናደድኩ። በሁለቱም ተናደድኩ። አንዱ ልብስ ደብቆ፣ አንዷ ልብስ ካልመጣ ብላ፣ ስድስት ወር የጠበቅነውን ቀን ሊያሳልፉብኝ ነው። እኔ ከትምህርት ቀርቼ፣ ከባል ቀርቼ፣ በእነሱ መሐል ቆሜ አረጀሁ። ኮሪደሩ ላይ ወጥቼ ይህን ሁሉ ለግድግዳው ነገርኩት። ከዚያ ተመልሼ እግሯን አሸሁላት።

ሐሙስ ጠዋት ሰዓቱ አንድ ተኩል ሲል ነርሷ ወረቀቱን ይዛ አልጋው አጠገብ ቆማ ነበር። አባቴ በር ላይ ብቅ አሉ። ጋቢ የለባቸውም፣ ዱላ የላቸውም፣ ቦርሳ አልያዙም። ጫማቸው እስከ ቁርጭምጭሚታቸው ጭቃ ነው። ከንፈራቸው ተሰነጣጥቋል። ጃኬታቸውን ከፈቱና ከደረታቸው ላይ ፌስታል አወጡ፤ ከፌስታሉ ውስጥ መግነዙን አውጥተው እናቴ ጭን ላይ አስቀመጡት።

እናቴ አሸተተችው። ጫፉን በሁለት ጣቷ ዳሰሰችው። ሳትዘረጋው ከትራሷ ሥር አደረገችውና አውራ ጣቷን ወደ ነርሷ ዘረጋች። «በይ አስፈርሚኝ» አለች። ለአባቴ አንድ ቃል አልተናገረችም። እሳቸውም አልጠበቁም፤ በተሽከርካሪው አልጋ ሲወስዷት እግሯን ብቻ በራሷ ጋቢ ሸፈን አደረጉላት።

ግቢው ውስጥ፣ ከመስኮቷ ፊት ለፊት አግዳሚ ወንበር አለ። እዚያ ተቀመጥን። ከጦሳ ተራራ ጉም ወርዶ ግቢውን ሞልቶታል። እንዴት እንደመጡ የነገሩኝ በቁርጥራጭ ነው። ባዶ የለስላሳ ጠርሙስ የጫነ አይሱዙ ላይ ተሳፍረው ጋሸና ደረሱ። እዚያ መንገዱ ተዘግቶ እስከ ረቡዕ እኩለ ቀን ታገዱ። ከዚያ ወልድያ፣ ከዚያ ደሴ። ማታ ደርሰው በረኛው አላስገባ ሲላቸው ቅጥሩን ተደግፈው ተቀምጠው አደሩ።

«ያለ ጋቢ?»

«ረሳሁት» አሉ።

«ስንቅስ?»

«እሱንም።»

ሠላሳ አንድ ዓመት የዓለሙን ሰው ዕቃ ሲያሰናዱ ኖረው፣ ለራሳቸው አንድ ዳቦ እንኳ ሳይቋጥሩ መጡ። ልቆጣቸው አፌን ከፈትኩና ተውኩት። ነጠላዬን ሰጠኋቸው፤ ነጠላ ደግሞ ለደሴ ብርድ ምኑም አይደለም። አራት ሰዓት ሲሆን አንገታቸውን ደረታቸው ላይ ጥለው እንቅልፍ ወሰዳቸው፤ ቆይተውም በጎናቸው ተኙ።

ቀዶ ጥገናው ረጅም ነበር። ስምንት ሰዓት ላይ «የሸጌ አስታማሚ!» ተብሎ ተጠራ። ሮጥኩ። ሐኪሙ ጭምብሉን ዝቅ አድርጎ ሁሉም ደኅና ነው አለኝ። አባቴን ልቀሰቅሳቸው ወጥቼ አየኋቸው፤ አፋቸውን ከፍተው ተኝተዋል። ሁለት ሌሊት ያልተኛ ሰው ነው፣ ትንሽ ይተኙ፣ ዜናው የትም አይሄድም ብዬ ተውኳቸው። ያ የእኔ ጥፋት ነው።

እናቴ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነቃች። አንገቷ በፋሻ ተጠቅልሏል። ድምጿ ሹክሹክታ ሆኗል። አንገቷን ማዞር ስለማትችል ዓይኗን ብቻ ወደ መስኮቱ ወሰደች፤ አግዳሚው ላይ የተኮራመቱትን ሰው አየቻቸው።

«ምን ሆኖ ነው?»

«ተኝተው ነው። ጋቢ ረስተው ነው የመጡት፣ በርዷቸዋል።»

«የኔን አልብሽው።»

«አንቺም እየተንቀጠቀጥሽ ነው፤ ነርሷም ትቆጣናለች።»

ደጅ ማካፋት ጀምሯል። ከዚያ እጇን ቀስ አድርጋ ወደ ትራሷ ሥር ላከች።

«ይኼን አልብሽው።»

«እማዬ፣ ይኼ እኮ…»

«ምን እንደሆነ ለእኔ ትነግሪኛለሽ? ሂጂ፣ ሰውዬው በብርድ ሊሞት ነው።»

ይዤው ወጣሁ። እንደ ታጠፈ ላለብሳቸው አሰብኩ፤ አይበቃም። ዘረጋሁት። ዕድሜ ልኬን የፈራሁት ነገር ሲዘረጋ ለስላሳ ነው፣ ከባድ ነው፣ የሳጥናችንን ሽታ ይሸታል። ከትከሻቸው እስከ እግራቸው አለበስኳቸው። አልነቁም። ትኩስ ነገር ላምጣላቸው ብዬ ሻይ ልገዛ ከግቢው ወጣሁ።

ሻዩን ይዤ በሩ ጋ ስደርስ የለቅሶ ድምፅ ሰማሁ። ሆስፒታል ግቢ ውስጥ ለቅሶ አዲስ ነገር አይደለም፤ ይህኛውን ድምፅ ግን አውቀዋለሁ። አባቴ ግቢው መሐል ቆመዋል። የተዘረጋውን መግነዝ በሁለት ክንዳቸው ታቅፈው ደረታቸውን ይደልቃሉ።

«ሸጌ! እኔ ነኝ! በእጄ አመጣሁልሽ! በእጄ ተሸክሜ አመጣሁብሽ!»

ሻዩ እጄ ላይ ፈሰሰ። መግነዝ የሚዘረጋው አንድ ቀን ብቻ ነው፤ እሳቸው ነቅተው ዓይናቸውን ሲገልጡ ያዩት ተዘርግቶ ነው። የማናውቃቸው ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከበዋቸዋል፤ አንዷ አብራ ታለቅሳለች፤ ሌላዋ «ስንት ልጅ ትታ ነው?» ብላ ትጠይቃለች።

«አባ! አለች! ደኅና ናት! አለች እኮ!»

አልሰሙኝም። እጃቸውን ይዤ እየጎተትኩ መስኮቱ ሥር አደረስኳቸው። እናቴ ከውስጥ፣ ፋሻዋን እንደታሰረች፣ እጇን ከፍ አደረገች። አባቴ ግንባራቸውን የመስኮቱ ብረት ላይ አስደገፉ። ከኋላችን አንዷ ሴት እልል ልትል ስትጀምር ሌላዋ ተቆጣች፤ «ታዲያ እኛን ምን አስለቀሰን?» አለች።

በጥየቃ ሰዓት ገቡ። መግነዙን እንደታቀፉት ነው፤ ጫፉ ጭቃ ነክቶታል፣ መሐሉ በእንባቸው ርሷል። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠው ሊያጥፉት ሞከሩ። አንድ ጊዜ አጠፉት፣ ተፈታ። ደግመው አጠፉት። ጣታቸው አልታዘዝ አላቸው።

«ተወው» አለች እናቴ። «ለብሰኸዋል።»

«አጥበዋለሁ። እንዳይታወቅ አድርጌ አጥቤ እመልሰዋለሁ።»

«የታጠበ መግነዝ የለም። በሕይወት ያለ ሰው ከለበሰው ጋቢ ነው። ልበሰው፣ ያንተ ነው።»

አባቴ ልብሱን አዩት፣ እሷን አዩ። «አንቺስ?»

«ሌላ እፈትላለሁ።»

አፍንጫቸውን በጃኬታቸው እጅጌ ጠረጉ። «ስንት ዓመት ይፈጅብሻል?»

«ጥጥ ከተገኘ ሁለት።»

አባቴ መግነዙን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው ጫፉን ወደ ኋላ መለሱት።

«አምስት አድርጊው» አሉ።